ባሕር ማዶ ለሚሄድ ተማሪ

ትምህርትን ፈልጎ ከአገር መውጣት መልካም ነገር ነው። ነገር ግን መልካም ነገር ሁሉ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን አስቀድሞ ያልጠየቀ ሰው በመንገድ መካከል ይጨነቃል። እኔ በዓለም ከተማ ብዙ ዘመን አስተምሬ በጡረታ ያረፍሁ ሰው ስለሆንሁ፥ ለእናንተ ለወጣቶች ስለዚህ ዋጋ ጥቂት ልነግራችሁ ወደድሁ።

የመርሐቤቴ ልጅ ከቤቱ መለየትን የሚጀምረው ወደ ጀማ በረሃ በወረደ ጊዜ ነው። አገራችን በጀማና በወንጪት ሸለቆ መካከል ያለች ስለሆነች፥ ከዚያ ማዶ ያለው ሁሉ ለልጅ ዓይን ባዕድ አገር ይመስላል። ከተማችን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1994 ወዲህ ፋተርሽቴተን ከምትባል ከአንዲት የጀርመን ከተማ ጋር ወዳጅነት ስላላት፥ እንግዶች ይመጣሉ። እንግዳ ግን ከሥራው ዐርፎ፥ ደስ ብሎት የሚመጣ ሰው ነው። ስለዚህ ልጆቻችን እርሱን አይተው አውሮፓ የዕረፍት አገር ይመስላቸዋል። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለነበር፥ ባዕድ ሰው በሰው አገር ሲኖር እንዴት እንደሆነ በቅርብ አይቻለሁ። ከመምህራኖቻችን አንዷ ከአገሯ ደብዳቤ በደረሳት ቀን በሯን ዘግታ ትውል ነበር። በማግሥቱ እንደ ወትሮው ታስተምረናለች። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርሁ ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬ ግን ይገባኛል።

ከቀድሞ ሰዎች ምሳሌ እንውሰድ። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ስለሆነ፥ ከዚያ በፊት ከፍ ያለውን ትምህርት የሚሻ ሰው ባሕር መሻገር ግድ ነበረበት። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው የመድፈኝነትን ትምህርት ተማሩ፤ ከተመለሱም በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ይሁን እንጂ ተምሮ መመለስ ሁልጊዜ ዕረፍትን አላስገኘም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ፋሽስቶች እየፈለጉ ከገደሏቸው መካከል በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። የተማረ ሰው ለአገሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ጠላትም ያውቅ ነበርና።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ደግሞ በአሜሪካ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964፥ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሚያድግ፥ ይህን ማየታቸው ለትልቅ ምርምር መነሻ ሆነ፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ጋር በስዊድን አገር ተሸለሙበት። እናቶቻችን እንዶዱን ያውቁ ነበር፤ ትሉን ግን አያውቁም። ሁለቱ ዕውቀት የተገናኙት የተማረው ሰው ወደ ወንዙ ዳር ስለ ወረደ ነው።

አሁን በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። ካስተማርኋቸው ልጆች አንዱ ለትምህርት ወደ ጀርመን አገር ሄደ። አባቱ ለመንገዱ የእርሻ በሬውን ሸጠ። ልጁም ከደረሰ ጀምሮ በየወሩ ገንዘብ ይልክ ነበር፤ አባትየውም በጎረቤት ዘንድ ተከበረ። አንድ ቀን እናቱ ወደ ቤቴ መጥታ፥ «መምህር፥ ብሩስ ይደርሰናል፤ ልጄ ግን አልደረሰኝም። ድምፁን ከሰማሁ አምስት ወር ሆነኝ» አለችኝ። እኔም በስልክ መልእክት ብልክበት፥ ሌሊት በሆቴል ወጥ ቤት ሳሕን ሲያጥብ እያደረ ቀን በክፍል ውስጥ እንደሚተኛ፥ ከፈተናም እንደ ቀረ ጻፈልኝ። «ለእናቴ ደኅና ነኝ ብላት እዋሻለሁ፤ እውነቱን ብነግራት ታለቅሳለች፤ ስለዚህ ዝም አልሁ» ይላል።

በፈቃዱ መልእክቱን ለአባቱ አነበብሁለት። አባትየው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቈየና፥ «ጻፍልኝ» አለኝ። ያጻፈኝም ይህ ነው፤ «ልጄ ሆይ፥ በሬው ተተክቷል። ከእንግዲህ ገንዘብ አትላክ፤ ትምህርትህን ጨርስ። በየሰንበቱ ግን ለእናትህ ድምፅህን አሰማት።» ልጁ አንድ ዓመት ዘግይቶ ትምህርቱን ጨረሰ። ዛሬም እዚያው በሥራ ላይ ነው፤ በየሰንበቱም ይደውላል።

ያልተመለሰ ተማሪ ሁሉ አገሩን የካደ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ፍርድ ቸኩሏል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ተመልሰው በቀይ ሽብር የሞቱ አሉ፤ እስርና ሞትን ፈርተው በስደት የቀሩም አሉ። ፍርድ የሚገባው ሰው በሚኖርበት ቦታ ሳይሆን በሚሠራው ሥራ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለዋል፤ የምትሸከሙት ዕውቀት ማደሪያ እንዲያገኝ ከአሁኑ አስቡለት።

ስለዚህ ወጣት ወዳጄ ሆይ፥ ስትሄድ ሦስት ነገር ያዝ። አንደኛ፥ የሄድህበትን ነገር አስቀድም፤ ትምህርቱ ከተበላሸ የምትልከው ገንዘብ አይክሰውም። ሁለተኛ፥ መከራህን ለሚወድህ ሰው ንገር፤ የደበቅኸው ችግር በሰው አገር ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ሦስተኛ፥ የሰውን አገር መልካሙን ተማር፤ የእናትህንም እንዶድ አትናቅ።

እናንተም ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ሲደውል ገንዘቡን ከመጠየቃችሁ በፊት፥ «እንዴት አደርህ? እንቅልፍስ አግኝተሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።