የአክስታችን ዓይንና ትንሿ ኤዲተር

ቡታጅራ ላደግን ሰዎች ዓይን ሲባል የሚታወሰን ግራርቤት ነው፣ በሽታው ደግሞ ትራኮማ። ዓይን የሚጎዳው ከውጭ በሚመጣ ዝንብና አቧራ ብቻ ይመስለን ነበር። እናም ስኳር ያለባት አክስታችን በርበሬ እየቀነጠሰች "እናንተ ልጆች፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ዓይኔ ላይ ይሄድብኛል" ስትለን፣ "ደክሞሽ ነው፣ አረፍ በይ" አልናት። ጋዜጠኝነት ተመርቀን አንዲት ጥያቄ ሳንጠይቅ ቀረን!

ድሩ ለካስ ደም ኖሯል። ስኳር የረቲናን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ኦክስጅን ያጠረው ረቲና ቪኢጂኤፍ በሚባል ፕሮቲን "የደም ሥር ላኩልኝ" ብሎ ይጣራል። የሚበቅሉት አዳዲስ ሥሮች ግን ደካሞች ናቸው፤ ይደማሉ።

ነገሩን ስናነብ የራሳችንን ሙያ አገኘንበት። ዲኤንኤ መዝገብ ቤት ነው እንበል። መልእክተኛ አርኤንኤ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ጽሑፍ፣ ፕሮቲን ደግሞ የታተመው ጋዜጣ ነው። በመሃል 22 ገደማ ፊደላት ብቻ ያሏት ማይክሮ አርኤንኤ አለች፤ ጽሑፉ ላይ ተለጥፋ "ይህ አይታተም" የምትል ኤዲተር! ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን አንዲት 1 ሚሊ ሜትር የምታህል ትል ውስጥ ስለማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ጻፉ፤ በ2024 ኖቤል ተሸለሙ።

ከእነዚህ አንዷ ማይክሮ አርኤንኤ 126 የምትሠራው በደም ሥር ግድግዳ ላይ ነው። የቪኢጂኤፍን ጥሪ የሚያፍኑ ፕሮቲኖች እንዳይታተሙ ታግዳለች፤ ጥሪው በደንብ እንዲሰማ ማለት ነው። እሷ የሌለቻቸው አይጦች የደም ሥራቸው ያፈሳል፣ የረቲናቸው ሥርም በወጉ አይዘረጋም። ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን ኤዲተሮች በማገድ ወይም በመጨመር ክፉውን ሥር ለማስቆም እየሞከሩ ነው።

ሙከራው ግን ገና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ዛሬ በሐኪም እጅ ካሉት መካከል ሌዘርና ቪኢጂኤፍን የሚያግደው የዓይን መርፌ ይገኛሉ። ቶሎ ለደረሰ ብዙ ያድናሉ፤ የጠፋውን ሁሉ ግን አይመልሱም።

አክስታችን አሁን በርበሬዋን በጣቷ እየዳሰሰች ትቀነጥሳለች። "ጋዜጣችሁን ማን ያንብብልኝ?" ስትለን እናቀረቅራለን።

እናንተስ? ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ፣ ደህና ቢያይም እንኳ፣ ዛሬ ማታ ጠይቁልን፦ "ዓይንዎን ዘንድሮ ታይተዋል?"