ቁጥሩ በማን እጅ ነው?

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠሮች የምንኖር ምእመናን በቤት ኅብረታችን የጸሎት ርዕስ ስንሰበስብ፣ ከሕመምና ከሰላም ቀጥሎ የሚነሣው የጉዞ ጉዳይ ነው። አንዷ ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ፓስፖርት ትጠብቃለች፤ አንዱ ዲቪ ሞልቷል፤ የሌላው ወንድም በጅቡቲ አድርጎ ባሕሩን ከተሻገረ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ዛሬ ልናካፍላችሁ የወደድነው ከጸሎቱ ስንነሣ ስለሚጠብቀን ጥያቄ ነው። ፎርማችንን ማን ይሙላልን? ሰነዳችንንስ ለማን እንመን?

በነሐሴ 2015 በክልላችን ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። በ2016 መጀመሪያ ዲቪ ሲከፈት ከኅብረታችን አንድ የመርሳ ወጣት ስሙንና የልደት ቀኑን በወረቀት ጽፎ፣ ፎቶውን ጨምሮ፣ አዲስ አበባ ላለ ዲቪ ለሚሞላ ሰው በመንገደኛ እጅ ላከ። ሰውየው አማኝ ነው ተብሎ የተጠቆመ ነበር። ስልክ ሲያነሣም «ተባረክ ወንድሜ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ሲገባ ተደወለ። «ደርሶሃል!» ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ሁለተኛው ወሬ የመጣው ከእልልታው በኋላ ነው። ኮንፈርሜሽን ቁጥሩ ያለው በሰውየው እጅ ነው፤ ፎርሙ ላይ ያስገባውም የራሱን ኢሜይል ነው። ቁጥሩን ለመስጠት ደግሞ አንድ ነገር ጠየቀ። «አንዲት ልጅ አለች፤ ቤተሰቦቿ የኤምባሲውንም የሕክምናውንም የአውሮፕላኑንም ወጪ ይችሉልሃል። አንተ የጋብቻ ወረቀቱ ላይ ፈርም ብቻ።»

ይህን ቀላል ፈተና አድርጋችሁ እንዳታዩት። ጦርነቱ በከተማችን ባለፈ ጊዜ የእናቱ ሱቅ ተዘርፎ ባዶ ቀርቷል። ልጁ የቪዛውን ክፍያ እንኳ ከየት እንደሚያመጣ አያውቅም። ዘመድ ሁሉ «አንድ ፊርማ ነው፣ ምን አለበት?» ይለዋል።

በዚያ ሳምንት በኅብረታችን ዘፍጥረት 12ን አነበብን። አብራም ረሀብ ሲጸና ወደ ግብፅ ወረደ፤ ነፍሱን ለማዳን ሚስቱን እህቴ ናት አለ። በቃሉ ምክንያት ሦራ ወደ ፈርዖን ቤት ተወሰደች፤ በፈርዖን ቤትም መቅሠፍት ወረደ። በመጨረሻ የእምነት አባት የሆነው ሰው በአሕዛብ ንጉሥ ፊት ቆሞ ለምን ዋሸኸኝ ተብሎ ተጠየቀ። በረሀብ መሰደዱ አልነበረም ያሳፈረው፤ ስለ ቤተሰቡ የተናገረው ሐሰት ነው። እርሱ ሚስቱን እህት አደረገ፤ ከእኛ ወንድም የተፈለገው ደግሞ የማያውቃትን ልጅ ሚስት እንዲያደርግ ነበር።

ወጣቱ «አልፈርምም» አለ። ሕሊናው ብቻ ሳይሆን ሕጉም ከእርሱ ጋር ነበር። ለአሜሪካ ቪዛ ብሎ በሐሰት ጋብቻ የቀረበ ሰው ቢደረስበት ዕድሜ ልኩን ሊከለከል ይችላል። እኛም ጾምንና ጸለይን፤ ከዚያም ሽማግሌ ላክን። ሰውየው ወሎ ውስጥ ዘመዶች ስለነበሩት በእነርሱ በኩል ሄዱ። ከተላኩት አንዱ በአካባቢው የተከበሩ ሙስሊም አባት ነበሩ። «ሠርጉን ሳንበላ ምን ብለን ነው ልጁን ዳርን የምንለው?» አሉ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ቁጥሩ ተሰጠ።

ቀሪውን ፎርም ከእርሱ ጋር ተቀምጦ ያነበበለት በወልድያ የሚያስተምር ወንድማችን ነው። መልሱን ልጁ ራሱ ጻፈ፤ የይለፍ ቃሉንም ራሱ ያዘ። ከዚያ የተማርነውን እንንገራችሁ።

ዲቪ ለመሙላት ጠበቃ አያስፈልግም። ምዝገባው ለብዙ ዓመታት በነፃ ነበር፤ በ2025 እ.ኤ.አ. 1 ዶላር እንዲከፈል ተወሰነ። ውጤቱ የሚታየው በአሜሪካ መንግሥት ገጽ ላይ ነው፤ «ደርሶሃል፣ ገንዘብ ላክ» የሚል ኢሜይል ከመንግሥቱ አይመጣም። ስለዚህ ሌላ ሰው ቢሞላላችሁም ኢሜይሉ የእናንተ ይሁን፤ ኮንፈርሜሽን ቁጥሩንም ከወንበሩ ሳትነሡ ተቀበሉ። ጉዳዩ የጥገኝነት ወይም ቤተሰብ የማገናኘት ከሆነ ግን ባለሙያ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና የሰጠው ተወካይ፣ በካናዳም ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው አማካሪ ነው የሚፈለገው። ስማቸው በይፋ ዝርዝር ላይ ይገኛል፤ ጠይቁና አመሳክሩ።

ታማኝ ባለሙያ ዋጋውን በጽሑፍ ይነግራል፤ የሞላውን አንብቦ ያሰማል፤ ቅጂ ይሰጣል። «ቪዛው በእኔ ይሁንብህ» አይልም፤ ቪዛ የሚሰጠው እርሱ አይደለምና። ከሁሉ በላይ እንድትዋሹ አይጠይቃችሁም። «ተባረክ» ማለት የፍቅር ሰላምታ ነው እንጂ የሙያ ፈቃድ አይደለም። ወንድምን መውደድና ወረቀቱን አሳየኝ ማለት አይጣሉም። እውነተኛ ወንድም ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

መጨረሻውን ትጠይቁን ይሆናል። በዲቪ በዓመት ይሰጥ የነበረው ቪዛ እስከ 55,000 ሲሆን ይመረጥ የነበረው ሰው ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር። የወንድማችን ተራ ሳይደርስ የዚያ ዓመት ዕድል በመስከረም 2018 ተዘጋ። እናቱ አለቀሱ፤ እኛም አብረን አለቀስን። የምሥራች አድርገን ልንሸፍነው አንፈልግም።

ዛሬ እርሱ መርሳ ነው፤ ፍራፍሬ ይነግዳል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ እህቶች ውላቸውን ይዘው ወደ እርሱ ይመጣሉ። ኤጀንሲው ከመንግሥት ፈቃድ እንዳለው ያጣሩ እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። በሕጉ መሠረት የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የኢንሹራንሱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው መሆኑን ይነግራቸዋል። ደላላ ይህን ከእነርሱ ሲጠይቅ ምን ብለው እንደሚመልሱ ያውቃሉ።

እናንተም በየአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ሰው ይኑራችሁ። ፎርም ማንበብ የሚችል፣ ምሥጢር የሚጠብቅ፣ ክፍያ የማይፈልግ። አንድ ወጣት «አልዋሽም» ሲል ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ ሽማግሌ ላኩለት፣ ወጪውን ተካፈሉለት፣ ዕድሉ ቢያመልጠው አብራችሁት ተቀመጡ። ጌታ መውጫችንንና መግቢያችንን ይጠብቅ። አሜን።