ዳዊት ዕጣ አይደለም

እናትየዋ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ዳዊቷን ሳትደግም ወደ ሌላ ሥራ አትገባም። ዳዊቱ ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል፤ የሰኞው ሰኞ፣ የማክሰኞው ማክሰኞ ይደገማል።

ልጇ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ባወጣች ሰሞን ግን ተራውን ተወችው። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። መዝሙር 120 ወጣ፤ መውጣትንና መግባትን ስለሚጠብቅ አምላክ የሚናገረው። «ፈቃዱ ነው» አለች። ማታ ልጅቷ በተራዋ ገለጠች። መዝሙር 136 ወጣ፤ በባቢሎን ወንዞች ዳር የተቀመጡ ምርኮኞች ልቅሶ። ቤቱ ዝም አለ።

የንስሐ አባታቸው ሁለቱንም ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ልጅቷን ራሷን ጠይቀሻታል?»

አልጠየቀቻትም። የቤት ኪራይ ተወዝፏል፣ የታናሽየው የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል፤ መጽሐፉን የገለጠችው መልሱን ቀድማ ይዛ ነበር። ስትጠይቃት ልጅቷ «እፈራለሁ፣ እማዬ» አለች።

ብዙ ቤት እንዲህ ነው። «የእግዚአብሔር ፈቃድ» የሚባለው አንዳንዴ አፍ አውጥቶ ያልተነገረ የገንዘብ ጭንቀት ነው። ቃሉ በየዕለቱ የሚነበበው ልብን ቀስ በቀስ ለማቅናት እንጂ ውሳኔን ከሰው ትከሻ ለማውረድ አይደለም።

ጉዞው ገና አልተቆረጠም። በማግስቱ ግን የዕለቱ ዳዊት በተራው ተደገመ፤ ከዚያም እናትና ልጅ ቁጭ ብለው ስለ ኪራዩ ተነጋገሩ።