የዳኑት ሰሌዳ

ፈረንሳይኛ የምንማር ልጆች አንድ የጋራ በሽታ አለብን፤ ሐረርጌ የተወለድን እንደሆነ ደግሞ ይብስብናል። ራምቦ የሚባል በሽታ ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ ሐረር ተቀምጦ ቡና ሲነግድ፣ ለምኒልክ ጠመንጃ ሲያመላልስ ከርሞ እግሩን ታመመና በ1891 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ማርሴይ ሆስፒታል ገባ። እግሩን ቆረጡት፤ አልዳነም፤ ኖቬምበር 10 ቀን እዚያው አረፈ። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ለአንድ ወር የቋንቋ ትምህርት ማርሴይ የመሄድ ዕድል ሲደርሰኝ፣ ለእናንተ ለጓደኞቼ «የራምቦን ዱካ ላይ ነው» ብዬ ነበር የተሰናበትኳችሁ። ዋሽቻችኋለሁ። ሆስፒታሉንስ በውጭ በኩል አይቼዋለሁ። እኔን ወደዚያ የጎተተኝ ግን ባሕሩ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሊቢያ ሆኖ ከደወለ ሦስት ዓመት አልፏል። «ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ባሕር እንገባለን» አለን። ከዚያ ወዲህ ዝም ነው። እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች፤ ድምፁን ያሰማኝ እንጂ ጃንጥላ አገባለሁ ብላ። ጃንጥላውን አስቀድማ ገዝታዋለች። ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ ነው፤ በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆሟል።

ስለምሄድበት ከተማ ሳወራላት፣ ኮረብታው ላይ መርከበኞች የሚሳሉባት ማርያም እንዳለች ነገርኳት። ምነው ባልነገርኳት! «ሻማ አብራልኝ» አለች ወዲያው።

«የካቶሊኮች እኮ ናት፣ እማዬ።»

«ማርያም ስንት ናት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የወጣሁት ነሐሴ 8 ቀን ነው። ለእነሱ የዕርገቷ በዓል ዋዜማ፣ ለእኔ ደግሞ የፍልሰታ ጾም ገና አጋማሹ። አውቶቡስ አለ፤ ድሮም ከ1892 እስከ 1967 ሰው የሚያወጣ አሳንሰር ነበረ ይባላል። እኔ ግን በባዶ ሆዴ ከአሮጌው ወደብ ተነሥቼ በእግሬ ወጣሁ። ቁልቢ በመኪና የሄደና በእግሩ የሄደ እኩል አይደለም ብላ ያሳደገችኝ እናቴ ናት። ኮረብታው 150 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ለሐረርጌ ልጅ ተራራም አይባል። ሙቀቱ ነው እንጂ የሚገድለው።

ኖትር ዳም ደ ላ ጋርድ ትባላለች። የከተማው ሰው ግን «ላ ቦን ሜር» ይላታል፤ ደጊቱ እናት እንደማለት። እዚያ ቦታ ላይ መጀመሪያ ጸሎት ቤት የተሠራው በ1214 ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ንጉሡ ፍራንሷ አንደኛ ምሽግ ሠራበትና ወታደርና ተሳላሚ በአንድ በር ሲገቡ ኖሩ። የዛሬው ሕንፃ መሠረቱ የተጣለው በ1853፣ የተባረከው በ1864 ነው፤ ነጭና አረንጓዴ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተገነባ። ንድፉን ያወጣው ኤስፔራንዲዩ የሚባል፣ ያኔ ዕድሜው ከእኛ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። ፕሮቴስታንት ነበር! ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ። እሱ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ከሠራላቸው እኔ አንድ ሻማ ባበራ ምን አለበት? ከደወሉ ቤት በላይ ደግሞ በወርቅ የተለበጠች፣ 11 ሜትር የምትረዝም ማርያም ልጇን ይዛ ቆማለች። ከባሕር የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እሷን ነው ይላሉ።

ገባሁ። ቤተ መቅደሱ በወርቃማ ሞዛይክ ያብለጨልጫል፤ ስለሱ ብዙ አልልም። እኔን ያስቆመኝ ግድግዳው ነው። ትናንሽ የእምነ በረድ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ በያንዳንዱ ላይ «መርሲ» ተጽፏል፤ ምስጋና፣ ስም፣ ዓመተ ምሕረት። ከጣሪያው ትናንሽ መርከቦች በገመድ ተንጠልጥለዋል፣ ሰው በር ሲከፍት ወዝወዝ የሚሉ ይመስላል። የስለት ሥዕሎችም አሉ፦ ሸራው የተቀደደ መርከብ፣ እንደ ግድግዳ የቆመ ማዕበል፣ ከላይ ጥግ ላይ ደመና ውስጥ ማርያም። ስለታቸው የሰመረላቸው ሰዎች ናቸው። ቁልቢ ላይ ስለቱ የሰመረለት እልል እያለ፣ እያለቀሰ፣ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ይገባል፤ እነዚህ ደግሞ ዝም ብለው ድንጋይ ላይ ጽፈውታል። ነገሩ አንድ ነው።

አንዱ ሥዕል ላይ ጀልባው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስቆጥር ራሴን ያዝኩት።

ክፍል ውስጥ የሰማነው የዲያጎራስ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሲሴሮ የጻፈው። ዲያጎራስ አማልክት የለም የሚል ግሪካዊ ነበር። ወዳጁ ሳሞትራቄ ደሴት ላይ ከማዕበል የዳኑ ሰዎች የሰቀሉትን ሥዕል እያሳየ ያንን ሁሉ አይተህ አታምንም ወይ ቢለው፣ የሰመጡት የታሉ፣ እነሱ የትም አልተሣሉም አለው። ያኔ ሁላችንም ሳቅን፤ ብልህ መልስ ነው ብለን። እኔም ማስታወሻዬ ላይ አስምሬበታለሁ። እዚያ ግድግዳ ፊት ግን ምንም አላሳቀኝም። እናቴ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወጥታ ባዶ እጇን ስትመለስ አይቻታለሁ። እልል ሲባል አብራ እልል ትላለች፤ ለሰው ልጅ። ጃንጥላው ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

ሻማውን ገዛሁ፣ የማርያም ሥዕል ያለበት። የምትሸጠው አሮጊት ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ለወንድሜ» አልኳት። «መርከበኛ ነው?» አለችኝ። ፈረንሳይኛዬ ጠፋኝ። «ባሕር ላይ ነው» አልኩ፤ ባልተማረ ሰው ፈረንሳይኛ፣ በአሁን ግሥ።

ብዙ ሻማ ወደሚበራበት ሄጄ ቆምኩ። በዚህ ሁሉ «መርሲ» መካከል ባበራው ያልተቀበልኩትን ማመስገን ሆነብኝ። እንደያዝኩት ወጣሁ።

በውጭ በኩል ግድግዳው ላይ የጥይት ምልክት ይታያል፤ በነሐሴ 1944 ከተማዋ ከጀርመን ስትወሰድ ኮረብታው ላይ ጦርነት ነበረ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ደግሞ ስለሱ ምንም ያልሰማሁት ነገር ቆሟል፦ ባሕር ለበላቸው መርከበኞችና ስደተኞች የተሠራ መታሰቢያ። ሟቹ የካቶሊኮች ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በሴፕቴምበር 2023 ማርሴይ ሲመጡ ከሌሎች ሃይማኖቶች መሪዎች ጋር እዚያው ቆመው አስበዋቸዋል። እንግዲህ ለዲያጎራስ መልስ የሚሆን ነገር አለ ማለት ነው፤ የሰመጡትም ቦታ አላቸው። ከደጅ፣ ነፋስ ላይ፣ ከፊታቸው ያው ባሕር።

አሥር እርምጃ ያህል ቀርቶኝ ቆምኩ። እንዴት ልንገራችሁ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። እዚያ ባበራው እኮ ቀበርኩት ማለት ነው፤ እናቴ ሳትሰማ፣ ለቅሶ ሳንቀመጥ፣ ባንድ ሻማ። ውስጥ ባበራው ዋሸሁ፤ ውጭ ባበራው ገደልኩት። ከደጁ እስከ መታሰቢያው፣ ከመታሰቢያው እስከ ደጁ ስመላለስ ቱሪስቶች ፎቶ አንሺ ፈላጊ መስያቸው ሁለት ጊዜ ስልካቸውን ሰጡኝ። አነሣኋቸው።

ማታ እናቴ ደወለች።

«አበራህልኝ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ተመስገን።»

አዲስ አበባ ሳላድር ቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። ሻንጣዬን የፈታችው እሷ ናት፤ እምቢ ብላት መቼ ትሰማለች። ሻማው ከሸሚዜ መካከል ወጣ፤ በሙቀት ትንሽ ጎብጧል፣ ክሩ ግን ነጭ ነው፣ እሳት አልነካውም። አየችው። እኔን አላየችኝም። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ቁም ሳጥኑን ከፍታ ከጃንጥላው ጋር አብራ ጠቀለለችው።

«ምሳ ቀርቧል» አለች።