ከወጣቶች ጋር አንድ ቀን በሮሐ

የመንግሥት ሠራተኛ ዕረፍቱ አጭር ነው፤ ተማሪ ደግሞ ዕረፍቱ ቢረዝም ኪሱ አጭር ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ወገን የሆነ ሰው አገሩን ለማየት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ በእጁ ያለችው አንዲት ቀን ብቻ ናት። ይህችን አንዲት ቀን በላሊበላ ለማሳለፍ ላሰበ፣ ይልቁንም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አስከትሎ ለመሄድ ለቈረጠ ሰው፣ እኔ ተሳስቼ የተማርሁትን ላካፍለው እወዳለሁ።

በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የእኅቴን ሦስት ልጆች ይዤ ከደሴ ተነሣሁ። ትልቁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበረ፤ የንድፍና የሒሳብ ነገር ይወዳል። ልጅቱ አሥራ አምስት፣ ትንሹ አሥራ ሦስት ናቸው። ከመነሣታችን በፊት «አንድ ታላቅ ከተማ አሳያችኋለሁ» ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር። እነርሱም ታላቅ ከተማ ሲባል በሐሳባቸው የመጣው ፎቅና መብራት፣ ሰፊ አስፋልትና ሲኒማ ቤት ነው። በወልድያ በኩል አልፈን፣ የድልብን ዳገት ወጥተን፣ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ታጠፍን። ከጋሸና እስከ ላሊበላ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው መንገድ ጠጠር ስለ ነበረ አቧራው ሁላችንንም ወፍጮ ቤት የዋልን አስመሰለን። ዓርብ ማታ ከከተማይቱ ስንገባ ትንሹ በመስኮት ግራና ቀኝ ተመለከተና «ጋሼ፣ ከተማው የት ነው?» አለኝ።

«ከእግርህ በታች ነው» አልሁት። ጐንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር አየ።

ልጁ ባይፈረድበት ይገባል። የዛሬዪቱ ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በተራራ ገላ ላይ የተለጠፈች አነስተኛ ከተማ ናት። ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሆነ እርሷን ይበልጥ ያሳንሳታል። ነገር ግን ከ800 ዓመት በፊት ሮሐ በምትባልበት ዘመን የዛጔ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ሲሆን፣ ኢየሩሳሌም በሳላዲን እጅ የገባችውም በዚያው ዘመን፣ በ1187 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ከተማይቱን የሚከፍለው ወንዝ ዮርዳኖስ ተብሏል፤ ጎልጎታም ቤተ ልሔምም ደብረ ዘይትም በስም አሉ። እንግዲህ ይህ ከተማ ወደ ላይ የተገነባ ሳይሆን ወደ ታች የተቈፈረ ስለሆነ፣ ከመኪና መስኮት ሆኖ ለሚያየው ሰው አይገለጥም።

ያን ምሽት በሆቴሉ አምፑል ሥር ቁጭ ብዬ የማግሥቱን ፕሮግራም በወረቀት አሰፈርሁ። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት፣ ለእያንዳንዳቸው 25 ደቂቃ፤ በምሳ ሰዓት ከከተማው ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ ያለው ናኩቶ ለአብ፤ ከቀትር በኋላ በተራራው ላይ ያለችው አሸተን ማርያም። የመሥሪያ ቤት ልማድ አይለቅምና በማስመሪያ አስምሬ፣ ተራ ቍጥር ሰጥቼ፣ በመጨረሻው ላይ «ልዩ ልዩ» የምትለዋን ሳይቀር ጨመርሁበት። ወረቀቱ ዛሬም አለኝ፤ ባየሁት ቍጥር አፍራለሁ። አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት እንደሚዘጉ አላወቅሁም፤ የአሸተን ማርያም ዳገት በእግር ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን እንደሚበላም አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ጧት በ2 ሰዓት ትኬታችንን ቈርጠን፣ አንድ የአገሩን ተወላጅ ዲያቆን በአስጎብኚነት ይዘን ገባን። ለአስጎብኚ መክፈል ገንዘብ ማባከን የሚመስለው ሰው አለ፤ እኔም እስከዚያን ቀን ድረስ ከእነዚያው አንዱ ነበርሁ። መጀመሪያ ቤተ መድኃኔ ዓለምን አየን። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ከተፈለፈሉት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ይበልጣል የሚባልለትም እርሱ ነው። በውስጡ ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ የተዘጋጁ ናቸው የሚባሉ ባዶ መቃብሮች አሉ። ከዚያ ወደ ቤተ ማርያም ተሻገርን። እዚያ በጨርቅ ተሸፍኖ ማንም የማይገልጠው አንድ ዓምድ አለ፤ ያለፈውና የሚመጣው ሁሉ ተጽፎበታል ይባላል። ልጅቱ ከዓምዱ ፊት ቆማ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት እኔ ሰዓቴን አየሁና «ቀጥሎ!» አልሁ። ወደ ቤተ መስቀል። ጫማ ማውለቅ፣ ጫማ ማጥለቅ፣ ክር ማሰር። ወደ ቤተ ደናግል። እንደገና ማውለቅ። ከአራተኛው ስንወጣ ትንሹ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠና ከእንግዲህ የጫማ ክር አላስርም አለ። ልጅቱም ነጠላዋን እያስተካከለች፣ በትሕትና ነገር ግን ፊት ለፊት እያየችኝ፣ «ጋሼ፣ ያመጡን እኛ እንድናይ ነው ወይስ እርስዎ እንዲቈጥሩ?» አለችኝ።

ዲያቆኑ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ተቈጣሁ፤ ቍጣዬ ግን ብዙ አልቈየም፤ ምክንያቱም ካየናቸው አራቱ መካከል የቱ መስኮት የቱ ዘንድ እንደ ነበረ ለራሴም ተምታቶብኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ከኪሴ ከተትሁና ዲያቆኑን «አንተ ብትሆን ምን ታሳያቸው ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሥራውን» አለኝ።

ከጕድጓዱ አውጥቶ ከአፋፉ ላይ አቆመንና ከላይ ወደ ታች እንድናይ አደረገ። ሰው ሁሉ ቤት ሲሠራ ከመሠረት ይጀምራል፤ የሮሐ ጠራቢዎች ግን የጀመሩት ከጣራው ነው። በቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ መጀመሪያ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ቈፍረው በመካከል አንድ ታላቅ ድንጋይ ለብቻው አስቀሩ። ከዚያም እየወረዱ ውጭውን ጠረቡት፤ በበርና በመስኮት ገብተውም ውስጡን ፈለፈሉት። ግንበኛ አንድ ድንጋይ ቢበላሽበት አውጥቶ ሌላ ይተካል። እዚህ ግን መሣሪያው አንድ ጊዜ ከሳተ ዓምዱ ተበላሽቶ ቀረ ማለት ነው። የዝናቡ ውሃ እንኳ አልተረሳም፤ ግቢውና ቦዩ ዘንበል ብለው እንዲያወርዱት ሆነው ተጠርበዋል። ይሁን እንጂ ስምንት መቶ ክረምት ቀላል አይደለምና ድንጋዩ ስለ ተጐዳ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአምስቱ ላይ ታላላቅ መጠለያዎች ተሠርተውባቸዋል። ልጅቱ መጠለያውን አይታ «የነዳጅ ማደያ ይመስላል» አለች፤ እኔም ልቃወማት አልቻልሁም።

በአገር ወግ ሥራው ሁሉ የተፈጸመው በንጉሡ ዘመን ነው፤ ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት እየጠረቡ ተፈጸመ ይባላል። ዴቪድ ፊሊፕሰንን የመሰሉ የዘመናችን ተመራማሪዎች ደግሞ ከፊሉ ከንጉሡ አስቀድሞ የተፈለፈለ፣ በየዘመኑም እየታከለበት የሄደ ነው ይላሉ። ሁለቱንም ለልጆቹ ነገርኋቸውና ይከራከሩበት ብዬ ተውኋቸው። እስከ ማታ ድረስ ተከራከሩ።

ቀትር ላይ በሮቹ ሲዘጉ ወደ ገበያ ወጣን። በላሊበላ ታላቁ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ ስለዚህ አንዲት ቀን ብቻ ያለችው ሰው ቅዳሜን ቢመርጥ ምሳውም ጉብኝት ይሆንለታል። የላስታ ገበሬ አህያውን ጭኖ፣ እህሉንና በጉን፣ ዶሮውንና ማሩን ይዞ ከየደጋው ይወርዳል። ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ብር ሰጥቼ፣ የወደዳችሁትን ራሳችሁ ተከራክራችሁ ግዙ አልኋቸው። ትንሹ ማር ገዛ፤ የገዛበትም ዋጋ እኔ ከምገዛበት የረከሰ መሆኑን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ማሩን በዳቦ እየበላን ዲያቆኑ የስሙን ነገር ነገረን። ሕፃኑ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንብ ንግሥናውን ዐወቀ ስትል ላሊበላ አለችው ይባላል።

ከቀትር በኋላ ከዮርዳኖስ ማዶ ወዳሉት ተሻገርን። ሁሉንም አላየንም። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያደርስ ጨለማ ዋሻ አለ፤ ሲኦልን ያመለክታል ይባላል። ዲያቆኑ የስልካችንን መብራት አስጠፋንና «ቀኝ እጃችሁን ከግድግዳው አታንሡ፤ ግራ እጃችሁን ከራሳችሁ በላይ አድርጉ» አለ። ልጅቱ እመራለሁ ብላ ቀደመች። እኔ አንድ ጊዜ ግንባሬን፣ አንድ ጊዜ ትከሻዬን መታሁ። ከኋላዬ ማንም አይናገርም፤ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከዓይን በፊት እጅን ማየት አይቻልም። በመጨረሻው ብርሃኑ ብቅ ሲል ሦስቱም እንደገና እንመለስበት አሉ፤ ተመለስንበትም። ደሴ ገብተው ለእናታቸው መጀመሪያ ያወሩት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እግር አንዲት ነገር ልናገር። ወፍራም የእግር ሹራብና ክር የሌለው ጫማ ያለው ሰው በላሊበላ ንጉሥ ነው። ምንጣፉ ቍንጫ አያጣም። ሴቶች ልጆች ነጠላና ረዘም ያለ ቀሚስ ይያዙ፤ ውሃ ይያዝ፤ ጸሎት ላይ ያለ ሰው ሳይፈቅድ ፎቶግራፍ አይነሣ። ሌላው ከደረሱ በኋላ ይገኛል።

ቤተ ጊዮርጊስን ለመጨረሻ ማቆየት ይገባል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ድንጋዩ ይቀላል። የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እነዚህን ሥራዎች አይቶ ሲጽፍ፣ አንባቢ ውሸት ይለኛል ብሎ መፍራቱን ራሱ ተናግሯል። ወንድሜ ሆይ፣ እርሱ ፎቶግራፍ አልነበረውም፤ እኛ ያለን ደግሞ ፎቶግራፍ አንሥተን ቶሎ ለመሄድ እንቸኩላለን። እኛ ግን ያን ቀን ሌላ የምንሄድበት ስላልነበረን ከአፋፉ ተቀመጥን። ትልቁ ደብተሩን አወጣ። ጕድጓዱን 25 ሜትር በ25 ሜትር፣ ጥልቀቱን 12 ሜትር ያህል ገመተና 7,500 ሜትር ኩብ አለ። ከዚያ የመስቀሉን ቅርጽ የያዘውን ሕንፃ ቀነሰ። ከ6,000 ሜትር ኩብ የማያንስ ድንጋይ ተቈፍሮ በሰው እጅ ወጥቷል ማለት ነው፤ አንዱ ሜትር ኩብ ደግሞ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። እርሳሱን አስቀምጦ፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ድንጋይ የት ሄደ?» አለ።

ዲያቆኑ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ። ኋላ ሳነብ፣ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ጠይቀው የፍርስራሹን ክምር ሳይቀር እንዳጠኑ ተረዳሁ። በዚያን ሰዓት ግን የመለሰለት ከእኛ ፈንጠር ብሎ ተቀምጦ የነበረ አንድ የከተማው ልጅ ነው። በዕድሜ እኩያው ነው፤ እንግሊዝኛውንም ጥቂት ጣሊያንኛውንም የለቀመው ከቱሪስት ነው። «አያቴን ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለው። ሁለቱ ስልክ ተለዋወጡ። እስኪጨልም ድረስ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ኳስ ሲጨዋወቱ፣ እኔ ከፕሮግራሜ ውጭ ስለሆነው ስለዚህ ሰዓት ምንም አልተናገርሁም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ቱሪስት ቆመ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ስልኩም ተቋረጠ። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትም እንደገና ውጊያ ተሰማባት። ከእንግዳ ይኖር የነበረው አስጎብኚ፣ ባለ በቅሎ፣ ጫማ ጠባቂ ሁሉ ምን እንደ በላ እግዚአብሔር ያውቃል። የእኅቴ ልጅ፣ በዚያን ጊዜ ኮሌጅ ገብቶ ነበር፣ ስልኩ በተቋረጠባቸው ወራት ያችን ቍጥር በየሳምንቱ ይሞክር ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ቀን ጠራ።

ደኅንነታቸውን ተጠያየቁ። ያ ልጅ አሁን የሚውለው በቀን ሥራ ድንጋይ በመሸከም መሆኑን ነገረው። ሊዘጉ ሲሉም፣ «ያን የድንጋዩን ነገር አያቴን ጠይቄልህ ነበር» አለው። «መላእክት ናቸው የወሰዱት ብለው ጀመሩና ቈይተው ደግሞ፣ ልጄ፣ ያን ጊዜ የተቀመጣችሁበት አፋፍ ምን ይመስልሃል? አሉኝ። ናና አብረን እንቈፍረው!»

አሁን ሦስቱም እንሂድ እያሉ ይወተውቱኛል። በየጊዜው ወደ ወልድያ እየደወልሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን እጠይቃለሁ፤ ሹፌሮች እስኪያረጋግጡልኝ ድረስ ልጅ ይዤ አልነሣም። ወረቀቱን ግን አዘጋጅቻለሁ። በላዩ ላይ ያለው ሁለት መሥመር ነው፤ ጧት ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ማታ የቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ። ሁለተኛውን የጻፈው ትልቁ ነው፤ በግርጌውም አካፋ እንዳይረሳ ብሎበታል።