ከደባርቅ ዝቅ ያለ ተራራ

ከካልጋሪ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዳ ካንሞር የምትባል የተራራ ከተማ ትገኛለች። ከከተማዋ በላይ፣ ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የሾለ አንድ ተራራ አለ። ስሙ ሃ ሊንግ ይባላል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,407 ሜትር ነው። ባለፈው ጳጉሜን፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከአባቴና ከ11 ዓመት ልጄ ጋር ወጣሁት።

እኔ ወደ ካልጋሪ የመጣሁት ከ12 ዓመት በፊት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። ትምህርቴን ስጨርስ በሶፍትዌር ሙያ ሥራ ያዝኩና ቀረሁ። ልጄ እዚሁ ተወለደች። አባቴ ደግሞ ደባርቅ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የልጅ ልጃቸውን በአካል ያዩት በዚህ ዓመት ሰኔ ላይ፣ ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ ነው።

አባቴ በመጡ በሳምንቱ ወዳጆቻችንን ቤት ጠራን። ቡና ተፈልቶ ልጄ ስኒ ይዛ ወደ አያቷ ሄደች። ብዙ ቀን ስትለማመድ ነበር። «አያቴ፣ አንቺ ቡና ትፈልጊያለሽ?» አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ስቄም አልቀረሁ፣ «አንቺ አይባልም፣ እርስዎ በይ» ብዬ በሰው ፊት አረምኳት። ስህተት ፈልጎ ማረም እንጀራዬ ስለሆነ ቤት ስገባም አይለቀኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ በአማርኛ አንድ ቃል አልተናገረችም። እሷ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ አባቴ በአማርኛ ይመልሳሉ፣ እኔ መሐል ሆኜ አስተረጉማለሁ። እኔ ሥራ ስሄድ ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ዝም ይባባላሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ አለቀ። አባቴ የሚመለሱት እንቁጣጣሽ በዋለ በሳምንቱ ነበር።

አባቴ በመስኮት ሩቅ የሚታዩትን ተራሮች እያዩ «እዚያ ሰው ይወጣል?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። በመጨረሻ «እንሂድ» አልኳቸው።

ማለዳ ተነሣን። በቦርሳችን ውኃ፣ ወፍራም ልብስና የድብ መከላከያ ስፕሬይ ይዘናል። አባቴ ከቤታቸው ያመጡትን በሶና ዳቦ ቆሎ ጨመሩበት። «ተራራ ያለ ስንቅ አይወጣም» አሉ። የካናናስኪስ አካባቢ በ2021 ለአንድ መኪና በቀን 15 ዶላር ማስከፈል ስለጀመረ፣ ያንን ማታውኑ በኢንተርኔት ከፍዬ ነበር።

ከካንሞር በላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣና አስፋልቱ አልቆ ጠጠር ይሆናል። አንድ መታጠፊያ ላይ የተራራ በጎች መንገዱን ዘግተው ቆሙ። እናቶችና ግልገሎች ናቸው፤ ጨው ፍለጋ መንገዱን ይልሳሉ። አባቴ «ዋሊያ!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ዋሊያ እንኳ አይደሉም። ዋሊያ የፍየል ወገን ነው፤ በዓለም ላይ የሚገኘውም በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። እነዚህ ግን በጎች ናቸው። የወንዱ ቀንድ ወፍራም ሆኖ ወደ ጆሮው ይጠቀለላል። እንደ አጋዘን ቀንድ በየዓመቱ አይረግፍም፤ በላዩ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ቆጥሮ ዕድሜውን መገመት ይቻላል። አባቴ ከመኪናው ሳይወርዱ በጎቹ እስኪያልፉ በዝምታ ተመለከቷቸው።

ከዚያ አንድ የማስተምረው ነገር ያገኙ መስለው፣ «ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የሰሜን ተራሮች ፓርክና ላሊበላ ነበሩበት፤ ካናዳም ሁለት ነበራት» አሉ። ለልጄ ተረጎምኩላት። ራሷን ነቀነቀች።

መኪናችንን አቁመን የውኃ ቦዩን በድልድይ ተሻገርንና ጫካ ገባን። በዚህ አገር ጫካ ውስጥ አንድ ደንብ አለ፤ ድብ ድንገት እንዳታገኛችሁ እያወራችሁ ሂዱ ይባላል። ድብ የሰው ድምፅ ከሰማች አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ትሸሻለች። ችግሩ ሁለቱ ጓደኞቼ አይነጋገሩም። ስለዚህ እኔ ብቻዬን አወራሁ። የተራራውን ታሪክ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው።

ታሪኩ ሲነገር እንዲህ ነው። በፈረንጆች 1896 ዓ.ም. ካንሞር ውስጥ ሃ ሊንግ የሚባል ቻይናዊ ምግብ አብሳይ ነበር። ያ ዓመት የዓድዋ ድል የተገኘበት ዓመት ነው። ሰዎች በ10 ሰዓት ውስጥ ተራራው ጫፍ ደርሰህ አትመለስም ብለው በ50 ዶላር ተወራረዱት። በጊዜው 50 ዶላር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ካናዳ ከ1885 ጀምሮ ወደ አገሯ በሚገባ ቻይናዊ ላይ የጣለችው የነፍስ ወከፍ ግብርም ልክ 50 ዶላር ነበር። ሃ ሊንግ ጠዋት በአንድ ሰዓት ወጥቶ ለምሳ ተመለሰ። ጫፉ ላይ ባንዲራ ተክሎ ነበር፤ ግን ባንዲራው ትንሽ ስለነበረ ከከተማው አልታየም። ማንም አላመነውም። ከዚያ የማያምኑትን ሰዎች ይዞ እንደገና ወጣ። ትንሿ ባንዲራ እዚያው ተተክላ ቆመች። አጠገቧ ትልቅ ባንዲራ ተከለ።

ከዚያ ወዲህ ተራራው በእሱ ተጠራ፤ ግን በስሙ አልነበረም። ለመቶ ዓመት ያህል ቻይናውያንን ዝቅ በሚያደርግ ቃል «የቻይናው ተራራ» እንደ ማለት ሲሉት ኖሩ። በይፋ ሃ ሊንግ የተባለው በ1997 ነው።

ልጄ ቆመችና በእንግሊዝኛ «ስሙን አያውቁም ነበር?» ብላ ጠየቀች። ለአባቴ ተረጎምኩ። አባቴ «ያውቁ ነበር እንጂ። አብሯቸው ስንቴ ወጥቷል» አሉ። ያንንም ተረጎምኩ። ልጄ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ሄደች።

መንገዱ በጫካው ውስጥ እየተመላለሰ ሽቅብ ይወጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደንብ ታድሶ ገደላማው ቦታ ላይ ደረጃና የእጅ መያዣ ሰንሰለት ተሠርቶለታል። የሚያለከልከው እኔ ነኝ። የ68 ዓመቱ አባቴ ከፊት ናቸው፤ ልጄ መሐል፤ እኔ ደግሞ ብትወድቅ ልይዛት ከኋላ።

ከዛፎቹ በላይ ስንወጣ ነፋሱ በረታ። መንገዱም አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማስተርጎም አልቻልኩም። አባቴ የሚሉት ወደ እኔ አይደርስም፤ እኔ የምለውም ወደ እሳቸው አይደርስም።

ከድንጋዩ ክምር ውስጥ «ኢክ!» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ጭራ የሌላት፣ ክብ ጆሮ ያላት፣ ከጡጫ ብዙም የማትበልጥ እንስሳ አፏ ሙሉ ሣር ይዛ ብቅ አለች። አባቴ ዞር ብለው በደስታ «ሽኮኮ!» አሉ።

ልጄ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ ሩቅ ነኝ። ወደ አያቷ ዞረች። «ሽኮኮ አይደለም» አለች። ትንሽ አሰበች። «ጥንቸል... የጥንቸል ቤተሰብ።»

ትክክል ናት። እንስሳዋ ፓይካ ትባላለች፤ የጥንቸል ዘመድ ናት። የእኛ አገር ሽኮኮ መልኳ ቢመስልም ሥጋ ዘመዷ፣ ለማመን ቢከብድም፣ ዝሆን ነው። ፓይካ ክረምቱን እንደ ድብ ተኝታ አታሳልፍም። በበጋ ሣርና አበባ እያጨደች ድንጋይ ሥር ትከምራለች፣ ታደርቃለች፣ በረዶው ሲወርድ ያንን እየበላች ትኖራለች። ልጄ ይህንን ትምህርት ቤት ተምራው ኖሯል። አሁን በእጇም፣ በአፏም ለአያቷ ታስረዳለች። «ሣር ታደርጋለች... ቤት ውስጥ። በረዶ ሲመጣ ትበላለች።»

አባቴ «ገበሬ ናታ!» አሉ።

«አዎ! ገበሬ!» አለች ልጄ።

እኔ ከኋላ ቆሜ «ታደርጋለች ሳይሆን ታስቀምጣለች» ልል አፌን ከፈትኩ። አባቴ ከላይ ሆነው አዩኝ። እነዚያ ዐይኖች 40 ዓመት ክፍል ውስጥ ዝም ያሰኙ ዐይኖች ናቸው። አፌን ዘጋሁ።

ከጫፉ በታች ያለው ኮርቻ መሳይ ሜዳ ላይ ተቀምጠን በሶ በጠበጥን። ወዲያው ጀርባዋ ላይ ነጭ መስመር ያለባት ስኩዊረል መጥታ ከአባቴ ጫማ አጠገብ ቆመች። አባቴ እንግዳ ሳይጋበዝ አይወዱም። ዳቦ ቆሎ ከፌስታል አውጥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«አያቴ፣ አትስጪ!» ብላ ልጄ ጮኸች። «የሰው ምግብ ከበላች ትታመማለች! ክረምት... ራሷ ምግብ አትፈልግም! ትሞታለች!»

አካባቢው ጸጥ አለ። «አትስጪ» ማለቷ ለራሷም ተሰማት። ፊቷ ቀላ፣ ወደ እኔ ተመለከተች። ልስቅ እንደሆነ እየጠበቀች ነበር።

አባቴ እጃቸውን ሰበሰቡ። ዳቦ ቆሎውን ወደ ፌስታሉ መለሱ። «እሺ፣ አልሰጥም። ደግ አደረግሽ፣ የኔ እናት» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

እዚያ ተቀምጬ ቀደም ብሎ ሊገባኝ ይገባ የነበረ ነገር ገባኝ። ሴት ልጅ ቀኑን ሙሉ የምትሰማው «አንቺ» ነው። «አንቺ ነይ፣ አንቺ ብዪ፣ አንቺ ተኚ» የምንላት እኛ ነን። ቤታችን ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ሰው አልነበረም። የሰማችውን ነው የመለሰችልን። እናቷም እኔም ያላስተማርናትን ቃል አልተናገርሽም ብዬ ነው የሳቅሁባት።

የመጨረሻው አቀበት ልቅ ጠጠር ነው። አንድ እርምጃ ወደ ላይ ስትወጣ ግማሹን ትንሸራተታለህ። አያትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። ጫፉ ላይ በአንድ በኩል ገደል ነው፤ ከታች ካንሞር እንደ መጫወቻ ከተማ ትታያለች፣ የቦው ወንዝም በመሐሏ ይሄዳል። ከገደሉ ርቀን ተቀመጥን። ሁለት ቁራዎች በነፋሱ ላይ ተንሳፈው በፊታችን አለፉ። አባቴ «የእኛ ቁራ አፉ ከዚህ ይወፍራል፣ ማጅራቱም ላይ ነጭ አለበት» አሉ። ልጄ ማጅራት ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ አንገቷን ከኋላ ነክተው አሳዩዋት።

ከዚያ የጂኦግራፊ መምህሩ «አሁን ስንት ሜትር ላይ ነን?» አሉ። ነገርኳቸው። ሳቁ። «ደባርቅ 2,850 ነው። ይህን ሁሉ ለፍተን እኔ ቤት ደጃፍ እንኳ አልደረስንም!»

ልጄ አላመነችም። እዚህ ዛፍ የለም፣ ነፋሱ ያንቀጠቅጣል፣ ታዲያ ከዚህ በላይ እንዴት ከተማ ይኖራል? አባቴ ጠጠር አንሥተው መሬት ላይ ክብ ሣሉ። ይህ ምድር ነው፤ ይህ መሐል ወገቧ ነው። ደባርቅ ለወገቧ ቅርብ ናት፣ ሰሜን 13 ዲግሪ ላይ። ካንሞር 51 ላይ ናት። ፀሐይ ለእኛ ከአናት በላይ ትሆናለች፣ ለእናንተ ግን ጋደል ትላለች። ስለዚህ እዚህ ዛፍ በሚያልቅበት ከፍታ እኛ ገብስና ባቄላ እንዘራለን። ጅብራን ለማየት ደግሞ ከደባርቅም ብዙ መውጣት አለብሽ። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። ሁሉንም በአማርኛ ነገሯት፤ ያልገባትን በጠጠር እየሣሉ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ስንወርድ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ከመኪናው ተነሥተን እስክንመለስ፣ ከእረፍቱ ጋር፣ ስድስት ሰዓት ፈጀብን። ደርሶ መልሱ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የሚወጣው ከፍታ ከ700 ሜትር ይበልጣል። ለመሄድ ያሰባችሁ ማልዳችሁ ጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ሊመጣ ይችላል። ጫፉ ላይ ልጆቻችሁን ከገደሉ አርቁ። ለእንስሳት ምግብ አትስጡ። ጫካው ውስጥ ደግሞ እየተነጋገራችሁ ሂዱ፤ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ድብ አትመርጥም።

አባቴ ወደ አገራቸው ከተመለሱ ሁለት ወር ሆናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደውላለን። ስልኩን የምታነሣው ልጄ ናት። አንዳንድ ጊዜ «እርስዎ» ትላለች፣ ስትቸኩል ደግሞ ትረሳዋለች። ባለፈው ሳምንት ካልጋሪ በረዶ ጥሎ ነበርና በመስኮቱ እያሳየቻቸው፣ «አያቴ፣ ብርድ የለም? አንቺ ደህና ነሽ?» አለቻቸው።

«ደህና ነኝ፣ የኔ እናት» አሉ አባቴ። «ገበሬዋስ ደህና ናት?»

«ቤቷ ናት» አለች ልጄ። «ሣሯን እየበላች ነው።»