አሸናፊውን ሳይሆን ዝርዝሩን

የቡከር ሽልማትን የሚከታተል የልብ ወለድ አንባቢ ዓመቱን በዝርዝር ይቆጥራል። ሐምሌ ላይ 12 ወይም 13 መጻሕፍት ይመረጣሉ፤ መስከረም ላይ 6 ይቀራሉ፤ በመጨረሻ አንዱ 50,000 ፓውንድ ይዞ ይሄዳል። በማግስቱ ወሬው ሁሉ ስለ አሸናፊው ይሆናል፤ የቀሩት ይረሳሉ።

ለአንባቢ ግን ከአሸናፊው ይልቅ የሚጠቅመው ዝርዝሩ ነው። አሸናፊው ጥቂት ዳኞች ተከራክረው የተስማሙበት መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታንዛኒያ ተወላጁ አብዱልራዛቅ ጉርናህ «ፓራዳይዝ» በተባለው ልብ ወለዱ ከስድስቱ አንዱ ነበር፤ ሽልማቱን የወሰደው ግን ጄምስ ኬልማን ነው። ከ27 ዓመት በኋላ ጉርናህ ኖቤል ሲሸለም ብዙ ሰው «ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ያን አጭር ዝርዝር ይዞ ያነበበ ሰው ግን መልሱን ቀድሞ ያውቅ ነበር።

በ2020 ደግሞ የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶ ኪንግ» ከስድስቱ ገባ። ዳግላስ ስቱዋርት አሸነፈ። ቢሆንም ስለ ጣልያን ወረራና ስለ ሴት አርበኞች የሚተርክ ልብ ወለድ በዓለም አንባቢ ፊት ቀርቧል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ለምን እዚያ አይታይም? ቡከር የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ተጽፎ በብሪታንያ ወይም በአየርላንድ የታተመ ልብ ወለድ ብቻ ነው። መዓዛም የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። ለሌሎች ቋንቋዎች ዓለም አቀፉ ቡከር አለ፤ 50,000 ፓውንዱን ደራሲውና ተርጓሚው እኩል ይካፈሉታል። በ2025 ያሸነፈችው ባኑ ሙሽታቅ የጻፈችው በደቡብ ሕንድ በሚነገረው በካናዳ ቋንቋ ነው። ዲፓ ባስቲ ባትተረጉመው ኖሮ ዳኞቹ ስሟንም ባልሰሙ ነበር።

በእኛ በኩል «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በሲሳይ አየነው ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ካረፉ ከዓመታት በኋላ ነው። ለአንጋፋው ልብ ወለዳችን ይህን ያህል ከዘገየን፣ ለዛሬዎቹ ምን እያደረግን ነው?

ዳኛ ያልቀረበለትን መጽሐፍ አይጥልም፣ አያነሳም። ስለዚህ ዝርዝሩ በወጣ ቁጥር «ረሱን» ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት «ማን ተረጎመ? ማን አሳተመ?» የሚለው ነው። አንድ ጎበዝ ተርጓሚ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚሠራበትን ገንዘብ የሚችል አሳታሚ እስካልተገኘ ድረስ፣ የአማርኛ አንባቢ የሌሎችን ዝርዝር ሲያነብ ይኖራል።